«ኢትዮጵያ» ብሎ የቆለፈውን «ከባድስራ» ሲከፍተው

አንድ የይለፍ ቃል፣ አንድ ቀመር፣ ሁለት የተለያየ ውጤት። እ.ኤ.አ. በ2011 የምስጠራ ሶፍትዌር ባለሙያዎችን ያስጨነቀው እንቆቅልሽ ይህ ነበር።

ቀመሩ ቢክሪፕት ይባላል። ኒልስ ፕሮቮስና ዴቪድ ማዚየርስ በ1999 በጉባኤ ያቀረቡት፣ በብሩስ ሽናየር ብሎውፊሽ ላይ የተገነባ፣ የይለፍ ቃልን ወደ ኋላ ሊመለስ ወደማይችል ሃሽ የሚቀይር ዘዴ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ኦፕንቢኤስዲ ለተባለው ስርዓተ ክወና ነው። ሶላር ዲዛይነር በሚል ስም የሚታወቀው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፔስልያክ ደግሞ ክሪፕት ብሎውፊሽ የተባለ የራሱን ላይብረሪ ጻፈና በነፃ ለቀቀው። የፕሮግራም ቋንቋው ፒኤችፒ ከ5.3 እትም ጀምሮ ተጠቀመበት፤ የዳታቤዝ ሶፍትዌሩ ፖስትግሬስም እንዲሁ።

ሁለቱ ላይብረሪዎች ለዓመታት ተስማምተው ኖሩ። የተስማሙት ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነበር። የእንግሊዝ ፓውንድ ምልክትን የምትወክለው 163 የተባለች አንዲት ባይት ስትሰጣቸው መልሳቸው ተለያየ። ኦፕንቢኤስዲ ላይ የተመዘገበ ሃሽ በክሪፕት ብሎውፊሽ አይከፈትም፤ በክሪፕት ብሎውፊሽ የተመዘገበውም እዚያ አይከፈትም።

ምክንያቱ ሲፈለግ የተገኘው በጣም ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ቢክሪፕት የይለፍ ቃሉን ባይቶች አራት አራት እያደረገ ይሰበስባል፤ የያዘውን ወደ ግራ ይገፋና አዲሷን ባይት በቀኝ በኩል ይጨምራል። በሲ ቋንቋ አንድ ባይት ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር መያዝ ይችል አይችል እንደሆነ ካልተጻፈለት፣ ኮምፓይለሩ እንደየማሽኑ ይወስናል። በኢንቴል ማሽኖች ላይ «ይችላል» ይላል። እንግዲህ ከ127 በላይ ያለች ባይት ስትመጣ እንደ ኔጌቲቭ ቁጥር ትቆጠርና፣ ስትሰፋ ከፊቷ ያለው ቦታ ሁሉ በ1 ይሞላል። ቀድመዋት ገብተው የነበሩት እስከ ሦስት የሚደርሱ ባይቶች በዚያ ይጠፋሉ።

ስለዚህ ጉዳዩ አለመግባባት ብቻ አልነበረም። ከይለፍ ቃሉ ላይ ፊደል እየተሰረዘ ነበር።

ይህ ሁሉ ዓመት እንዴት ሳይታይ ቀረ? ፔስልያክ ጆን ዘ ሪፐር የተባለው የታወቀ የይለፍ ቃል መፈተሻም ደራሲ ነው፤ ሁለቱ ሥራዎቹ ኮዱን ስለሚጋሩ ስህተቱንም ተጋርተውታል። አንዱ የሌላውን ውጤት ሲመረምር ልክ ሆኖ ያገኘዋል። ስህተቱ የሚጋለጠው በሌላ ሰው እጅ ከተጻፈ ኮድ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው።

በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ግን ብዙም ያልተወራለት ነው፤ የእኛ ፊደል ጉዳይ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሦስቱም ከ127 በላይ ናቸው፤ የመጀመሪያዋ ደግሞ ሁልጊዜ 225 ናት። «ኢትዮጵያ» የሚለውን የይለፍ ቃል እንውሰድ። አምስት ፊደል፣ 15 ባይት፣ የቃሉን ማብቂያ ከምታመለክተው ዜሮ ባይት ጋር 16፤ ልክ አራት ቡድን ይሆናል። ከመጀመሪያው ቡድን የምትተርፈው የ«ት» 225 ናት፤ እሷ የሁሉም ፊደል መነሻ ስለሆነች ምንም አትናገርም። ከሁለተኛው የ«ዮ» መካከለኛ ባይት 139፣ ከሦስተኛው የ«ጵ» መጨረሻ 181 ይተርፋሉ። በአራተኛው፣ ዜሮዋ ስለማትሰርዝ፣ የ«ያ» መጨረሻ 171 ትድናለች። «ኢ» እና «ት» እንዳልተጻፉ ይቆጠራሉ።

አሁን «ከባድስራ» ብለን እንጻፍ። የ«ድ» መካከለኛ ባይት 139፣ የ«ስ» መጨረሻ 181፣ የ«ራ» መጨረሻ 171። ያው ነው! በ«ኢትዮጵያ» የተቆለፈ አካውንት በዚያ ላይብረሪ በ«ከባድስራ» ይከፈት ነበር ማለት ነው። (በንጉሡ «ሥ» ከተጻፈ አይከፍትም፤ መጨረሻዋ 165 ናት።) ቢክሪፕት ቃሉን እየደጋገመ ይጠቀምበታል፤ ርዝመቱ ሌላ ሲሆን በተደጋገመ ቁጥር ቡድኖቹ ስለሚንሸራተቱ ጉዳቱ ይለያያል፤ አምስት ፊደል ላይ ግን እጅግ የከፋ ነው።

ኮዱን ማረም ቀላል ነበር፤ ባይቷ ኔጌቲቭ እንደማትሆን መጻፍ በቂ ነው። ከባዱ ቀድሞ የተመዘገበው ነው። ኮዱ ዝም ብሎ ቢታረም፣ በስህተቱ የተመዘገቡ ሰዎች ትክክለኛ ቃላቸውን ይዘው በር ላይ ይቀራሉ። ፔስልያክ ችግሩን በጁን 2011 ይፋ አደረገና በሃሹ መነሻ ምልክት መፍትሔ አበጀ። የቀድሞው 2ኤ ነበር። በስህተቱ የተሠራው 2ኤክስ እንዲባልና እንደ ቀድሞው እንዲሰላ፣ በትክክል የተሠራው 2ዋይ እንዲባል ተደረገ። ፒኤችፒ እርማቱን ያስገባው በዚያው ዓመት በ5.3.7 ነው። ትክክለኛ አሠራር ይመስለኛል፤ ያለፈውን ስህተት ሳይደብቅ ስም ሰጥቶታል፤ ተጠቃሚውንም አልቀጣም።

ሶፍትዌር የምትጽፉ ወገኖች፣ የይለፍ ቃል የሚቀበል ማንኛውንም ኮድ ስትፈትኑ የግዕዝ ቃላት አስገቡበት፤ ውጤቱንም ሌላ ሰው ከጻፈው ላይብረሪ ጋር አመሳክሩ። ከ2011 በፊት በፒኤችፒ የተከማቸ፣ በ2ኤ የሚጀምር ሃሽ በእጃችሁ ካለ፣ ባለቤቱ በሚቀጥለው ሲገባ በአዲስ ሃሽ ተኩለት።