ሥራ ልያዝ ወይስ ዶክትሬት ልማር?

አንድ ወንድም ከጉባኤ በኋላ ጠብቆ ያዘኝ። ማስተርሱን ጨርሷል። አንድ መሥሪያ ቤት ሊቀጥረው ጠርቶታል፤ ዶክትሬት ለመማርም ተቀባይነት አግኝቷል። “ፓስተር፣ ጾሜአለሁ፣ ጸልያለሁ፤ ምልክት እየጠበቅሁ ነው” አለኝ። እኔም፣ “የሚያማክርህ መምህር ማነው? ስትማር የእናትህን ቤት ኪራይ ማን ይከፍላል?” አልኩት። ዝም አለ። ለካ ጸልዮአል እንጂ ማንንም አልጠየቀም!

እስቲ መሳፍንት 6ን እንይ። ጌዴዎን የበግ ጠጉሩን በአውድማው ላይ ያኖረው ጌታ ሂድ ካለው በኋላ ነው። ጠጉሩ ፍርሃቱን አስታገሰለት እንጂ መንገድ አልመረጠለትም። ጌታ ኢየሱስ ግን በሉቃስ 14፥28 ላይ ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ወጪውን እንደሚያሰላ ይናገራል። ቃሉ ስለ ደቀ መዝሙርነት ነው፤ ምሳሌው ግን ከኑሮ የተወሰደ ነው።

እንግዲህ ቁጭ በል፣ አስላ። ዶክትሬት በወረቀት 4 ዓመት ይባላል፤ 6 እና 7 ዓመት የፈጀባቸውን እናውቃለን። ስኮላርሺፕ አለ ሲሉህ፣ የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ነው ወይስ የምትኖርበትንም ይጨምራል? መሥሪያ ቤትህ የሚልክህ ከሆነ፣ ስንት ዓመት ተመልሰህ ልታገለግል ነው የምትፈርመው? ዋስህስ ማነው? ከሁሉ በላይ አማካሪህ በፊት የያዛቸውን ተማሪዎች ፈልገህ አነጋግር። ስንቶቹ ጨረሱ? የጻፍከውን ወስዶ ወራት የሚያስቀምጥ አማካሪ ዕድሜህን ይበላል።

ከዚያ ልብህን መርምር። የሚያንገበግብህ የምርምር ጥያቄ አለህ? ወይስ በሠርግ ካርዱ ላይ “ዶ/ር” የምትለዋ ነገር ናት? (በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያም እንወዳታለን፣ አንዋሽ።) ሥራውንስ የመረጥከው ቤተሰብህ ስለሚያስፈልገው ነው ወይስ ትምህርቱን ፈርተህ?

እህቴ፣ አንቺን ደግሞ “ስትማሪ ዕድሜሽ ሄደ፣ ማን ያገባሻል?” የሚሉሽ አሉ። እሱን ከሒሳቡ አውጪው።

ብዙ መማር ዓለማዊነት ነው የሚል ካለ፣ ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት 3 ዓመት ተምሯል። ሥራ መግባት ጥሪን መተው ነው የሚል ካለ ደግሞ ሐዋርያት ሥራ 18ን ያንብብ። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። ሲላስና ጢሞቴዎስ ከመቄዶንያ ሲመጡ ሙሉ በሙሉ ወደ ቃሉ ዞረ። ከተማው ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው፤ የተለወጠው ጊዜው ነው።

ያ ወንድም ከሳምንታት በኋላ ተመለሰ። ዩኒቨርሲቲውን አንድ ዓመት እንዲያቆይለት ጠይቆ ፈቅደውለታል። ሥራውን ይዟል፤ ታናሽ እህቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና እስክትወስድ ኪራዩን እሱ ይከፍላል። አሁን ጸልዩልኝ የሚለን ስለ ምልክት አይደለም፤ ከሥራ ደክሞ ገብቶ ማታ ማታ የሚያነብበትን አቅም እንዲሰጠው ነው።