ግርዶሽ ለማየት የሚመጡ እንግዶችና የገበሬው ማሳ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ በላሊበላ ጨረቃ ፀሐይን ሸፍና ዳርቻዋን ብቻ እንደ ቀለበት አስቀርታት ነበር። የግርዶሽ ቀን ከብዙ ዓመት በፊት በስሌት ስለሚታወቅ፣ የገጠሩ ሕዝብ እንግዳ ለመቀበል የሚሰናዳበት ጊዜ አያጣም። ሰኔ ግን የእርሻና የዘር ወር ነው። የማለዳ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትታይ ተመልካቹ ወደ ምሥራቅ የሚያሳይ ገላጣ ስፍራ ይፈልጋል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የአንዱ ገበሬ ማሳ ሆኖ ይገኛል። የተረገጠ ቡቃያ ደግሞ በእንግዳ ገንዘብ አይበቅልም። ስለዚህ የአገር ሽማግሌዎች ከዘር በፊት ተሰብስበው የግጦሽ መሬት ሊለዩ፣ መተላለፊያውንም በድንጋይ ሊያስከልሉ ይገባል። መጸዳጃውም ከምንጩ በታች ርቆ ይቆፈር። ፀሐይ ቀለበት በመሰለችበት ሰዓት እንኳ በባዶ ዓይን ማየት ይጎዳል፤ ብዙ ሰው የሚተማመንበት በጥላሸት የጠቆረ መስተዋትም አያድንም። ለዚሁ የተሠራው መነጽር አስቀድሞ ለእረኞች ይታደል፤ ከእንግዳው ቀድመው ቀና የሚሉት እነርሱ ናቸውና።