ሞተሩ የሚተኩሰው በየት በኩል ነው?

ተቀምጠን የምንነዳው የሣር ማጨጃ መኪና ሰሞኑን እንደ ጠመንጃ እየተኮሰ ግቢውን ሲያስደነግጥ መሰንበቱን አንባቢዎቻችን ታስታውሳላችሁ። እኛም፣ ምን እንዋሽ፣ ዘለን ካርቡራተሩን ፈታን። ግማሽ ቀን ባከነ፤ ጥፋቱ ግን እዚያ አልነበረም። አስቀድመን መጠየቅ የነበረብን ጩኸቱ በየት በኩል እንደሚወጣ ነው።

በካርቡራተሩ በኩል ከሆነ እሳቱ ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው። ቤንዚኑ አንሶ አየሩ ሲበዛ ድብልቁ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፤ የመግቢያው ቫልቭ ሲከፈት እሳቱ ገና ስላልጠፋ አዲሱን ድብልቅ ያቀጣጥለዋል። ይህም ለወራት የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ረግቶ የካርቡራተሩን ቀዳዳ ሲደፍን፣ ወይም ጓርኒሲዮኑ አየር ሲያስገባ ይደርሳል። ቫልቩ በደንብ ካልገጠመም ያው ነው። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታይዘው ትንሽ ቁልፍ ከተቆረጠች ደግሞ ብልጭታው ያለ ጊዜው ይመጣል፤ ያኔ ካርቡራተሩ ቢታጠብ ቢታጠብ ዋጋ የለውም።

በማርሚታው በኩል፣ ያውም ሲጠፋ ብቻ ከሆነስ? የእኛው ይኸው ነበር። ቁልፉ ሲዘጋ ብልጭታው ይቆማል እንጂ ሞተሩ ወዲያው አይቆምም፤ እየተሽከረከረ የሚስበው ቤንዚን ሳይቃጠል የጋለው ማርሚታ ውስጥ ይገባና ድው! በብዙዎቹ አዳዲስ ማጨጃዎች ካርቡራተር ሥር፣ ቁልፉ ሲዘጋ ቤንዚኑን የሚያቆም የኤሌክትሪክ መርፌ አለ፤ ቆሻሻ ይዞት አልዘጋ ካለ እነሱም ይተኩሳሉ። የእኛው መርፌም የለው፣ በሙሉ ፍጥነት ሳለ ድንገት እናጠፋው ነበር። አሁን ፍጥነቱን ቀንሰን፣ ጥቂት አቆይተን እናጠፋዋለን።

ለማንኛውም፣ ከመፍታታችን በፊት የካንዴላውን ገመድ ነቅለን እናርቅ። የአየር ፊልትሮው ወልቆ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ፊታችንን ወደ ካርቡራተሩ አናስጠጋ፤ ከዚያ የሚወጣው እሳት ነው።