ያውቁ ኖሯል? የአዊ ምድር ታሪክ፣ ከመቃብር ድንጋይ እስከ ቦታ ስም

በመቃብር ሐውልት ላይ «በዘመነ ሉቃስ» ከሚለው በቀር ሌላው ጽሑፍ ቢጠፋ እንኳ ዓመቱን መፈለግ እንደሚቻል ያውቁ ኖሯል? አራቱ ወንጌላውያን በየተራ ዘመን ይሰየምላቸዋል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይደምሩና ለ4 ያካፍሉ፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። የዓድዋን 1888 ይሞክሩት፦ 7,388 ለ4 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። በዳንግላ ወይም በእንጅባራ አንዲት አሮጊት «ባሌ በማርቆስ ዘመን ነው የሞተው» ቢሉዎት ዋዛ ነገር አይደለም። ልጃቸው ስንት ዓመቱ እንደነበር ይጠይቁና አራት አራት ዓመት እየዘለሉ ይቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ዓመት ላይ ያርፋሉ።

ከ7,000 የሚበልጥ ዓመት ተጽፎ ካዩ ደግሞ አይደንግጡ። ዓመተ ዓለም ነው፤ 5,500 ይቀንሱለት።

ሟችን ጎረቤት የሚያውቀው በዓለም ስሙ፣ ካህናት በጸሎተ ፍትሐት የሚጠሩት ግን በክርስትና ስሙ ነው። ስለዚህ «ወለተ ማርያም» የሚል ሐውልት ፊት የቆመች የልጅ ልጅ የገዛ አያቷን ሳታውቃት ልታልፍ ትችላለች። የአያቶችዎን የክርስትና ስም ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ የሚያውቁት ሰዎች እያለፉ ነው።

እንጅባራ ቀድሞ ኮሶበር ትባል እንደነበር ያውቁ ኖሯል? የኮሶ ዛፍ ስም በከተማ ስም ውስጥ ተቀብሮ ነበር።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ አገሩ ገና በጣሊያን እጅ ሳለ። ዓላማው በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን መዘከር ነው። ለፈረስ ሐውልት አይተከልለትም፤ መታሰቢያው በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ሜዳ ላይ የሚጋልበው ተተኪው ፈረስ ነው። ከድንጋይ ይልቅ እንዲህ ያለ መታሰቢያ ዕድሜ ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች! ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዚያ ቆንስል ሆኖ ሠርቷል። ጣና ሐይቅንና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ ያነሣ ሰው ነው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1936 ታትሟል። ዳንግላና እንጅባራ ላይ ሰፍሮ የነበረው የጣሊያን ጦር የለቀቀው ደግሞ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ልጅ የነበሩ ሽማግሌ ዛሬ ዘጠናን ተሻግረዋል፤ የሚያስታውሱ ካሉ ሳይውል ሳያድር ይጠየቁ።

ከአዊ አጠገብ በሰከላ ያለውን የግሽ ዓባይን ምንጭ ጴድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ሲያዩት በዙሪያው የሚኖረው አገው ነበር። የብሩስ ጽሑፍ አገዎቹ ለምንጩ ያቀርቡት የነበረውን መሥዋዕት ይገልጻል። የሩቅ አገር ሰዎች «አገኘን» ያሉትን የአካባቢው ሰው አስቀድሞ ያከብረው ነበር።

ከአዊ ወጣ ብለን ወደ ጥንቱ እንግባ። ከጣና ምሥራቅ በምትገኝ ላሊበላ በምትባል ዋሻ (ከተማዋ አይደለችም) አርኪዮሎጂስቷ ጆአን ዶምብሮውስኪ ቆፍራ የ2,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ገብስና ሽምብራ አግኝታለች። በመተማ በኩል በሽንፋ ወንዝ ዳር ደግሞ 74,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች፣ የዓሣ አጥንትና የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ተገኝተዋል፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

በመንዝ ያሉት ጉብታዎች ታሪክ ግን ለእኛ ገበሬ ይበልጥ ይቀርባል። ለዓይን ተራ የድንጋይና የአፈር ቁልል የሚመስሉት፣ ሲጠኑ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ድረስ የኖረ ሕዝብ መቃብር ሆነው ተገኙ። ከሙታኑ ጋር ጥቁር ሸክላና ከሩቅ አገር የመጣ የብርጭቆ ዶቃ ተቀብሯል። ይህ ባህል ዛሬ በወንዝ ስም «የሻይ ባህል» ይባላል። ማረሻው ድንጋይ በነካ ቁጥር እየለቀሙ ወደ ካብ መወርወር የለመደ ሰው ይህን ቢሰማ፣ ከመወርወሩ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ይመለከታል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ማካሄድን እንደሚከለክል ያውቁ ኖሯል? በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘም ማሳወቅ አለበት። ገንቦ ቢያገኙ አያውጡት፤ አፈሩ ራሱ ስለ ዘመኑ ይመሰክራልና በቦታው ይተዉት፣ ፎቶ ያንሡትና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይንገሩ።