ፊቱ የተጎዳውን ሰው በጀርባው አታስተኙት

እስቲ አንድ ጥያቄ፦ የትዳር ጓደኛችሁ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ፊቱ ቢጎዳ በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኞቻችን “በጀርባህ ተኛ፣ አትነሣ” እንላለን። ውኃ ይዞ የሚሮጥም አይጠፋም። ሁለቱም ከፍቅር የመነጩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ሊገድሉ ይችላሉ።

ምላስ የተያያዘው ከታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ጋር ነው። መንጋጋው በግራና በቀኝ ሲሰበር ምላስን ወደ ፊት የሚይዘው ነገር ይጠፋል። ሰውዬው በጀርባው ከተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ጉሮሮውን ይዘጋል፤ ደም፣ የወለቀ ጥርስና ትውከትም ይጨመሩበታል። እኛ የምንደነግጠው ፊቱን አይተን ነው፤ ቶሎ የሚገድለው ግን የትንፋሽ መዘጋት ነው።

ይህ ብዙ ሕይወት የተከፈለበት ትምህርት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1914–1918) ፊታቸው የቆሰለ ወታደሮች በቃሬዛ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ሲጓጓዙ ታፍነው ይሞቱ ነበር። ተቀምጠው ወይም ፊታቸው ወደ ታች ሆኖ የተጓዙት የተሻለ የመትረፍ ዕድል ነበራቸው።

ስለዚህ ራሱን የሚያውቅ ከሆነና መቀመጥ ከፈለገ ተዉት፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ደሙን ያፍስስ እንጂ አይዋጠው። አንገቱም ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ያለ ምክንያት አታንቀሳቅሱት። ለመተንፈስ ብሎ የተቀመጠን ሰው ግን በግድ አታስተኙ። ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ራሱን፣ አንገቱንና ጀርባውን እኩል ይዛችሁ በጎኑ አዙሩት። ከአፉ የምታወጡት የምታዩትን ብቻ ነው፤ የማይታየውን በጣት መፈለግ ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ማንኮራፋት ወይም የሚንተከተክ ድምፅ ከሰማችሁ አየሩ እየጠበበ ነውና አትዘግዩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ለመጡት ባለሙያዎችም “ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረዋል” ብላችሁ ንገሯቸው።

ሆስፒታልም የሚቀድመው ትንፋሹ ነው። ቱቦ በአፍ አልገባ ካለ ሐኪሞች በአንገት ፊት ለፊት ቀዳዳ ሊከፍቱ ይችላሉ፤ ይህን ብታዩ ሞተ ብላችሁ አትጩኹ። “ፊቱስ?” ትሉ ይሆናል። የተሰበረ መንጋጋ ከቀናት በኋላም ይጠገናል።

አንዳንድ ጊዜ ጥርሶቹ በሽቦ ታስረው ወደ ቤት ይመለሳል። ያን ጊዜ ቢያስመልሰው አፉን መክፈት አይችልም። ከመውጣታችሁ በፊት የትኛው ሽቦ እንደሚቆረጥ ሐኪሙ ያሳያችሁ፤ የሽቦ መቁረጫውም ሌሊት ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ።