የተሽከርካሪ መረጃና የብሎክቼይን ምዝገባ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የሚጓዝ የእህል ጭነት እንደ ማሳያ

መግቢያ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በማንኩሳ በኩል ቡሬ የሚገባ የበቆሎ ጭነት የሚጓዘው መንገድ አጭር ነው፤ ሊያስነሣ የሚችለው ክርክር ግን አጭር አይደለም። በመጫኛው መጋዘን የተመዘነውና በማራገፊያው የተመዘነው ክብደት ሳይገጥሙ ሲቀሩ ጉድለቱን የገበሬዎች ማኅበሩ፣ የመኪናው ባለቤት ወይስ ተረካቢው ይሸከም የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በማስረጃነት የሚቀርቡት የወረቀት ደረሰኝና የሰው ቃል ብቻ ከሆኑ ውሳኔው አቅም ወዳለው ወገን ሊያደላ ይችላል። ቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና የምግብ ዘይት ፋብሪካ የሚገኙባት፣ ወደ ነቀምት የሚያመራው መንገድም ከባሕር ዳሩ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ በመሆኗ ጥያቄው ለምዕራብ ጎጃም አርሶ አደር የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከኔትወርክ ጋር የተገናኙ ተሽከርካሪዎች መረጃ በብሎክቼይን ላይ ሲመዘገብ የገንቢዎች የመሣሪያ ስብስብ (ኤስዲኬ) ምን እንደሚሠራና በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ የት ላይ እንደሚፈተን ያብራራል።

የመሣሪያ ስብስቡ ተግባር

በብሎክቼይን ቋንቋ ትራንዛክሽን ማለት የግድ ግዥና ሽያጭ አይደለም። በምስጢራዊ ቁልፍ ተፈርሞ በጋራ መዝገብ ላይ የሚሰፍር ማንኛውም የሁኔታ ለውጥ ትራንዛክሽን ይባላል፤ ተሽከርካሪን መመዝገብ፣ ለሌላ ወገን መረጃ የማየት ፈቃድ መስጠት ወይም ፈቃዱን መሰረዝ ምሳሌዎች ናቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. የመኪና አምራቾችን ጭምር አሰባስቦ የተቋቋመው ሞቢ የተባለው ጥምረት በቀጣዩ ዓመት የተሽከርካሪ ዲጂታል መታወቂያ መስፈርት ማውጣቱ የሚታወቅ ነው። ዲሞ የተባለው መድረክ ደግሞ እያንዳንዱን ተሽከርካሪ በኢአርሲ-721 ደንብ መሠረት ልዩ ምልክት አድርጎ ይመዘግባል፤ ለገንቢዎች ባዘጋጀው የመሣሪያ ስብስብም ምዝገባውንና የፈቃድ አሰጣጡን በጥቂት የኮድ መስመሮች ለማከናወን ያስችላል።

ስብስቡ ከገንቢው ትከሻ ላይ የሚያነሣው ሸክም አራት ነው። ጥያቄውን ስማርት ኮንትራቱ በሚረዳው ቅርጽ ያሰናዳል፤ በተጠቃሚው ቁልፍ ያስፈርማል፤ ወደ ኔትወርኩ ይልካል፤ መመዝገቡንም ያረጋግጣል። ኢአርሲ-4337 የተባለው ደንብ ሲታከልበት የምዝገባውን ክፍያ ከተጠቃሚው ይልቅ ስፖንሰር የሆነ አካል ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ሾፌሩም ሆነ የመጋዘን ጠባቂው ምናባዊ ገንዘብ መያዝ አይጠበቅባቸውም።

ይህ ነጥብ በኢትዮጵያ ልዩ ክብደት አለው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕጋዊ አለመሆኑን አስታውቋል። በመሆኑም የጭነቱ ዋጋ በብርና በባንክ መከፈል ያለበት ሲሆን መዝገቡ ማስረጃ ከመሆን አያልፍም። የክፍያ ምልክት ጨርሶ የማይጠይቁ፣ እንደ ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ ያሉ ባለፈቃድ ኔትወርኮች ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ቀዳሚ አማራጭ የሚሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

ኔትወርክ ሲቋረጥ

አብዛኞቹ የመሣሪያ ስብስቦች የማይቋረጥ ግንኙነት እንዳለ ታሳቢ አድርገው የተሠሩ ናቸው። በአማራ ክልል ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ሥርዓቱ ይህን እንደ ልዩ ክስተት ሳይሆን እንደ መነሻ ሁኔታ መውሰድ ይኖርበታል።

በአንደኛ ደረጃ የሚመጣው አማራጭ ትራንዛክሽኑን በመኪናው መሣሪያ ላይ አስፈርሞ ኔትወርክ ሲመለስ መላክ ይመስላል። ይህ ግን ሁለት ችግር አለበት። በፊርማው ውስጥ የሚካተተው የክፍያ ተመንና የስፖንሰሩ ይሁንታ ጊዜ ሊያልፍባቸው ይችላል። በተጨማሪም ትራንዛክሽኖች ተከታታይ ቁጥር ስለሚሰጣቸው አንዱ ሲሰናከል ከኋላው ያሉት ይቆማሉ። ለሁለተኛው ችግር ኢአርሲ-4337 መፍትሔ አለው፤ ባለ 256 ቢት የሆነውን ቁጥር 192 ቢት መለያና 64 ቢት ተራ አድርጎ ስለሚከፍለው ለየጉዞው የተለየ መለያ መስጠት ይቻላል። ለመጀመሪያው የተሻለው ዘዴ ትራንዛክሽኑን ሳይሆን ድርጊቱን መፈረም ነው፤ ይኸውም ክብደቱን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በመኪናው መሣሪያ ላይ ፈርሞ ማስቀመጥና ትራንዛክሽኑን ግንኙነት ሲመለስ ማሰናዳት ነው።

እዚህ ላይ የሁለት ሰዓቶች ልዩነት መታወቅ አለበት። ብሎክቼይኑ የሚመሰክረው መረጃው የሰፈረበትን ሰዓት እንጂ እህሉ የተራገፈበትን ሰዓት አይደለም። ሁለቱ ተለይተው ካልተመዘገቡ ከሦስት ቀን በኋላ የሰፈረ ማስረጃ የሦስት ቀን መዘግየት ተደርጎ በሾፌሩ ላይ ሊቆጠር ይችላል።

መዝገቡ የማያውቀው ነገር

ብሎክቼይን የገባበትን እንዳይለወጥ ይጠብቃል፤ የገባው እውነት መሆኑን ግን አያረጋግጥም። የእርጥበቱ መጠን 15 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ ግራም በቆሎ በክምችት ደርቆ እርጥበቱ 13 በመቶ ሲደርስ ክብደቱ 97.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። በ60 ኩንታል ጭነት ይህ ወደ 138 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ከማኅበሩ መጋዘን ገቢ እስከ ፋብሪካው ርክክብ ባለው ጊዜ ክብደት ብቻ ተመዝግቦ እርጥበት ከተዘነጋ፣ የማይፋቀው መዝገብ ንጹሑን ሰው ሌባ ሊያደርገው ይችላል።

የቁልፍ ይዞታም እንዲሁ ወሳኝ ነው። የመኪናው መሣሪያ ቁልፍ በባለቤቱ እጅ ብቻ ከሆነ ማስረጃው የአንድ ወገን ቃል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ርክክቡ በመጫኛው ጠባቂና በማራገፊያው ተረካቢ ጭምር ሲፈረም ብቻ እንዲጸና ስማርት ኮንትራቱን ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

የሾፌሩ መብትም አይዘነጋም። የጉዞ መስመር የግል መረጃ ሊሆን ይችላል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ለመረጃው ባለቤት መብቶችን ይሰጣል። ከማይሰረዝ መዝገብ ጋር ይህን ለማስታረቅ ዝርዝሩን በተለመደ የመረጃ ቋት አስቀምጦ በብሎክቼይኑ ላይ አሻራውን ብቻ ማስፈር ይመከራል። ፈቃዱም ማን፣ የትኛውን መረጃ፣ እስከ መቼ እንደሚያይ ወስኖ መሰጠት አለበት።

ማጠቃለያ

የመሣሪያ ስብስቡ ምዝገባውን ያቀልላል፤ ፍትሐዊነትን ግን በራሱ አያመጣም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ለሚጓዝ ጭነት የሚበጀው ሥርዓት የተስተካከለ ሚዛንንና የእርጥበት መለኪያን፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ፊርማን፣ ሁለት ሰዓቶችንና ከአንድ ወገን በላይ የተከፋፈለ ቁልፍን አንድ ላይ የያዘ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ቴክኖሎጂው የቀድሞውን ክርክር ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ከማዛወር አያልፍም። ለቀጣይ ጥናት የሚቀረው ጥያቄም ቁልፉን የሚይዘው የገበሬዎች ማኅበር አባላቱን ወክሎ ሲፈርም አባላቱ ፊርማውን የሚቆጣጠሩበት መንገድ ምን ሊሆን ይገባል የሚለው ነው።