ሁለት የድምፅ ቅጂ “ይለያያል” ሲባል ማን ይመርመር?

ከጠበቃ ወዳጆቼ ጋር ስንጫወት ደጋግሞ የሚነሳ ጉዳይ አለ። አንደኛው ወገን የድምፅ ቅጂ በማስረጃነት ያቀርባል፤ ሌላኛው “እኔም ቅጂው አለኝ፣ የእነሱ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው” ይላል። ባለሙያ ተጠርቶ ሁለቱን ፋይሎች በኮምፒውተር ሲያስተያይ ፕሮግራሙ “አይመሳሰሉም” ብሎ ቁጭ! እንግዲህ ተቆርጧል ማለት ነው? በፍጹም አይደለም።

ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው በቁጥር ነው። ለሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ፣ ለቪዲዮ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 48,000 ጊዜ ይለካል። በ48,000 የተቀዳውን ፕሮግራሙ 44,100 ነው ብሎ ካነበበው የአንድ ሰዓቱ ንግግር 65 ደቂቃ ይፈጃል፤ የተናጋሪውም ድምፅ ይወፍራል። ሰውየው “ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም” ቢል ማን ይፈርድበታል? ኤምፒ3 ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ድምፁ ወደዚያ ተቀይሮ መልሶ ሲከፈት ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ላይ 25 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ዝምታ ይጨመርበታል። ጆሮ ልብ አይለውም። የመጀመሪያውን ቁጥር ከመጀመሪያው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው ጋር ለሚያነጻጽር ፕሮግራም ግን ፋይሉ በሙሉ የተለየ ነው።

የማውቀው አንድ ወጣት ፕሮግራመር እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ ጽፎ ሦስት ቀን ስህተቱን ሒሳቡ ውስጥ ሲፈልግ ከረመ። ሒሳቡ ጤነኛ ነበር። ጥፋቱ ፋይሉን የሚያነበው መስመር ላይ ነው፤ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ የተጻፉበትን የስቴሪዮ ድምፅ እንደ አንድ ድምፅ እያነበበ በግማሽ ፍጥነት ያስኬደው ነበር። ያወቀበትን ዘዴ ወድጄዋለሁ። ፋይሉን መጀመሪያ ከራሱ ጋር አነጻጸረው። ከዚያ ሆን ብሎ በ1,000 ልኬት ያዘገየው ቅጂ ሠርቶ ሰጠው። ፕሮግራሙ “1,000” ብሎ ካልመለሰ የታመመው ድምፁ ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው። ለመስቀለኛ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ትክክለኛው አካሄድ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እያንሸራተቱ በጣም የሚገጥሙበትን ቦታ መፈለግ ነው። ከተገጣጠሙ በኋላ የአንዱን ምልክት ገልብጦ፣ ማለትም አዎንታዊውን አሉታዊ አድርጎ፣ ከሌላው ጋር መደመር። አንድ ከሆኑ ዝምታ ይቀራል። የተጨመረ ነገር ካለ እሱ ብቻውን ይሰማል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ያቀረበ ሰው ትክክለኛነቱን የማስረዳት ሸክም አለበት ይላል። እኔ እንደምለው ሸክሙ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ፋይሉን ያነጻጸረውን ፕሮግራምም ሊጨምር ይገባል።

ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚከብድ የዳላስ ታሪክ ያሳያል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲገደሉ የከተማዋ ፖሊስ ሁለት የሬዲዮ መስመሮች በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ይቀዱ ነበር። በ1979 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ አንደኛው ቅጂ ላይ ባሉ ድምፆች ተመርቶ፣ ሁለተኛ ተኳሽ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው ብሎ ደመደመ። ባለሙያዎቹ የሰጡት ግምት 95 በመቶና ከዚያ በላይ ነበር። ኋላ በኦሃዮ የሚኖር አንድ ከበሮ መቺ ያንኑ ቅጂ ሲያዳምጥ ከሌላው መስመር ሾልኮ የገባ የሸሪፉን ንግግር ሰማ። በኖርማን ራምዚ የተመራው የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ቡድን በ1982 ሁለቱን ቅጂዎች በዚያ ንግግር አጋጥሞ “ተኩስ” የተባሉት ድምፆች ከግድያው አንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ የተቀዱ ናቸው አለ። በ2001 ሌላ ተመራማሪ ይህን ተቃወመ፤ በ2005 የቡድኑ አባላት መልስ ጻፉ። ከ40 ዓመት በኋላም የሚያከራክራቸው ሁለቱ ቅጂዎች የት ላይ ይገጥማሉ የሚለው ነበር።